ሳንቶስ ሽማግሌ ላከ

ወላሂ፣ ሁለት ሆኖ ለሽምግልና የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም! ሦስት ሆነን ልንሄድ ተቀጣጥረን፣ እሁድ ጠዋት ሦስተኛችን መርዕድ ኮል አድርጎ «ሂሻም፣ ዘሩ ለማይታወቅ ሰው ሽማግሌ አልሆንም» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ደሜ ፈላ። እኔስ ወድጄ የገባሁበት መሰለው?

ልጁ ሊዮ ይባላል። እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ እሱ ጋራዥ ውስጥ ይጠግናል። ብራዚላዊ ነው፣ ሳንቶስ የምትባል የወደብ ከተማ ልጅ። ከሰለመ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሐጂ ሙሀጅርን ልጅ ዛህራን ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። «ያለ አባቴ ምርቃት ኒካህ አላስርም» ስላለች ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ። እዚህ ስደት አገር አባት የለው፣ አጎት የለው። እውነቱን ልናገርና እኔም ብዙ አልወደውም፤ ግትር ነው። ፍሬን ስትረግጥ እንዲህ አድርግ ብሎ እኔን ያስተምረኛል፣ እኔን!

ሐጂ ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። አጋሮ ትልቅ ቡና አቅራቢ ነበሩ። ተሰደው እዚህ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ከገቡም ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬም ሰው ሲያዩ እንደ ቡና ነው የሚመዝኑት፤ ይኸኛው እሸት፣ ያኛው ገለባ።

በደንቡ ልጁ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ሐጂ ግን «አገሩንና ዘሩን ከራሱ አፍ ካልሰማሁ» ብለው ነበርና ይዘነው ሄድን። እኔ፣ ሊዮና ሁለተኛው ሽማግሌ ሰላሀዲን፤ ሰላሀዲን ከመስጊድ ሌላ ወሬ የማያውቅ ዝምተኛ ሰው ነው። ከሰፈራችን ከፍሌሚንግደን ፓርክ በአውቶቡስ ስንሄድ ሊዮን አስጠናሁት።

«ከተማህን ከፍ አድርገህ ተናገር። ቡና የሚጫንባት ወደብ ናት በል፣ ሐጂ የቡና ሰው ናቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ዘርህን ከጠየቁህ፣ አያቶቼ ቡና ነጋዴዎች ነበሩ በል።»

«አልነበሩማ» አለኝ።

«በል አልኩህ እንጂ ነበሩ ወይ አልኩህ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሺ ያለኝ መሰለኝ፣ ሞኙ እኔ!

ሐጂ በሩን ከፈቱ፤ ግቡ ግን አላሉም። ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ ተስፋ አለው፣ ካልተባለ አበቃ። እንግዲህ ኮሪደር ላይ ተገትረን ቀረን።

«ሁለት ናችሁ እንዴ? ሦስተኛውን ኢሌቬተሩ ዋጠው?» አሉ።

ውርደቴን ዋጥ አድርጌ ሊዮን ተናገር አልኩት። እሱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ። ከተማው ደሴት ላይ ነው፣ ከጀርባው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ድሮ ቢጫ ወባ መርከበኛውን እየጨረሰ መርከቦች ያለ ሰው ቆመው ይቀሩ ነበር፤ በኋላ ቦይ ተቆፍሮ የረጋው ውሃ ወደ ባሕር ሲፈስ ሰዉ ዳነ። መሬቱ ከሥሩ ጭቃ ስለሆነ የባሕር ዳሩ ፎቆች ዘመዋል፣ ሰው ግን ይኖርባቸዋል። ከተራራው ላይ በባቡር የወረደ ቡና ሁሉ በዚያ ወደብ ነው ያለፈው፤ ዛሬም ቡናው፣ ስኳሩ፣ አኩሪ አተሩ በዚያ ይጫናል። አሳምሬ ተረጎምኩ። ቡና ስል ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ሳንቶስ!» ብለው ጮሁ ሐጂ። «ይህን ስም በሬዲዮ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት! ሳንቶስ ብዙ ከጫነ ዋጋ ወድቆ የእኔ ቡና መጋዘን ይከርማል። እኛ ሰርግ የምንደግሰው ብራዚልን ውርጭ መታት ሲባል ነበር! ጭራሽ ሳንቶስ ቤቴ ድረስ ሽማግሌ ላከ?»

ያ አላህ! ደስ ይላቸዋል ያልኩት ነገር ነው እሳት የጫረው።

«ዘሩስ? እስከ ሰባት ይቁጠር!»

ሊዮ በጣቱ ቆጠረ። ፓውሎ፣ ዣኦ፣ አንቶኒዮ፣ ቤንቶ። ቤንቶ ላይ ቆመ። በዓይኔ ነጋዴ በል፣ ነጋዴ በል አልኩት።

«ከቤንቶ በላይ አናውቅም» አለ። «ቤንቶ ባሪያ ነበር። ተራራው ላይ ካለ የቡና እርሻ አምልጦ፣ በጫካው ቁልቁል ወርዶ ሳንቶስ ገባ። የሳንቶስ ሰዎች ያመለጡትን ይደብቁ ነበር፣ ከከተማው ዳር መንደር ሠርተውላቸው ነበር። ወደቡ ላይ ቡና ሲሸከም ኖሮ ነፃ ሰው ሆኖ ሞተ።»

ይህን ምን ብዬ ልተርጉመው?

«ሂሻም፣ አትልፋ። እንግሊዝኛ ይገባኛል» አሉ ሐጂ። «ዘር ከልጓም ይስባል። ልጄን ለባሪያ ዘር አልሰጥም።»

«ሐጂ፣ ሁላችንም ያደም ልጆች ነን» አለ ሰላሀዲን።

«አደምን እዚህ አታምጣብኝ! የእኔ ሰባት ቤት የታወቀ ነው። ያያቴ አባት፣ አባ ፊጣ፣ ከጅማ ሂርማታ ገበያ እስከ ታጁራ ወደብ የነጋዴ ሲራራ የመራ ሰው ነው! እሱ ሲመጣ ገበያው በሙሉ ብድግ ይልለት ነበር!»

በሩን ሊዘጉት እጃቸውን ሰደዱ። ዛህራ ከኋላቸው ብቅ አለች። ለካ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። በሩ ሥር ካለው መደርደሪያ ጫማዋን አንስታ አደረገች፣ ደፉን ተሻግራ መጥታ በእኔና በሰላሀዲን መካከል ቆመች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አባቷ።

«ሦስተኛ ሽማግሌ ጎድሏቸዋል፣ እኔ ነኝ» አለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ያን ቀን ግን አልተሰበረም። «ሽማግሌ መጠየቅ ይችላል አይደል? አባ ፊጣ ወደ ታጁራ ሲወርድ ምን ነበር የሚነግደው?»

«ከልጅነትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና።»

«እና?»

«ቆዳ።»

«እና አባ?»

ሂርማታ ምን ይሸጥ እንደነበር ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገረው የለም። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሰላሀዲን መቁጠሪያውን ያዝ አደረገ። እሷ ግን ዓይኗን ካባቷ ላይ አልነቀለችም፣ ጉንጯ በእንባ ርሶ ነበር።

«ሰው» አሉ ሐጂ።

ሊዮ ክንዴን ነካ አድርጎ ምን አሉ አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ፣ መንጋጋው ተንቀሳቀሰ፤ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

ሐጂ በሩን እንደያዙ ቱግ ብለው «እሺ አላልኩም! ማናችሁንም ማየት አልፈልግም!» ብለው ጮሁብን። «ግን ጎረቤት እየሰማ ነው።» ከበሩ ዞር አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጡን።

«ግቡና ተቀመጡ» አሉ። «አንቺም ሽማግሌ ከሆንሽ፣ ተቀመጪ።»