ቆሞ የተበላ አይቆጠርም

"አፍህን ክፈት!"

"አልከፍትም።"

"አባዬ፣ ክፈት እንጂ! የምታላምጠው ምንድነው ታዲያ፣ ቆስጣ ነው?"

"ጨው ነው የቀመስኩት። ጨው መቅመስ ከመቼ ወዲህ ነው መብላት የሆነው?"

"ጨው አጥንት አለው እንዴ?"

አባቴ ሚልቶን ጎድኑን ከጀርባው ደበቀው። ውሻችን ደግሞ ይህቺን ሲጠብቅ ነው የኖረው፣ ከኋላ መጥቶ ላፍ አደረገለት። ሳቄ መጣ። አባዬ ግን አልሳቀም።

"ማይኮል፣ ለእናትህ ትንፍሽ ብትል በዚህ መቆስቆሻ ነው የምልህ።"

እሁድ ነው፣ ግቢው በዘመድ ሞልቷል፣ ፍሙ ቀልቷል። በኛ ከተማ በታኩዋሬምቦ ሥጋ ጠባሽ አይቀመጥም። እሳቱ ዳር ቆሞ ይገለብጣል፣ በቢላው ጫፍ ቆረጥ እያደረገ ወደ አፉ ይልካል፣ ሌላው ጠረጴዛ ጋ ሲቀርብ እሱ ጠግቦ አብቅቷል። ቆሞ የበላውን ግን ማንም በላ አይለውም። አያቴም እንደዚሁ ነበር። አጎቴ ኤልቢዮም እንደዚሁ። ሁለቱንም የወሰዳቸው የአንጀት ካንሰር ነው።

አባዬንም ባለፈው ዓመት ካሜራውን በዚያ በማይጠራው በኩል አስገብተው አዩት። ትንንሽ እብጠቶች አገኙ፣ ቆርጠው አወጡ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ አፏ ግን አይመለስም።

"ገና ካንሰር አልሆኑም" አለችው። "ግን አባትህና ወንድምህ የሞቱበት ነገር ነው። በመጋቢት ተመልሰህ ትታያለህ። እስከዛ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ ስንዴ። ቀይ ሥጋ ተወው፣ ቋሊማማ በዞረበት እንዳትዞር። ዋስትና አልሰጥህም፣ አደጋውን ግን ይቀንስልሃል።"

አባዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "መጥበስስ?"

"ለሌላው ከሆነ ጥበስ፣ ምን ችግር አለው" አለችው።

ወይ የኔ እናት! ሐኪሟ የጠባሽ ቤት አላደገችም መሰለኝ።

እናቴ ኔሊዳ ግን አመነች። የቆስጣ ኬክ፣ የምስር ወጥ፣ የዱባ ምናምን፣ ቤቱ አትክልት ተራ ሆነ። ደግሞ ብቻውን እንዳይከፋው ብላ እሷም ሥጋ እርግፍ አድርጋ ተወች። ያቺ ሥጋ ስታይ ዓይኗ የሚበራ ሴትዮ! ቋሊማው ሲሸት ምራቋን ስትውጥ አያታለሁ። ለጎረቤቱ ሁሉ "ሚልቶኔ እኮ ቆራጥ ነው" እያለች ታወራለች። እሱ ደግሞ ጠረጴዛ ጋ መጥቶ ምስሩን በማንኪያ እየጎረጎረ "በቃኝ፣ አሁንስ ቅጠልም ያጠግበኝ ጀመር" ይላል። ይጠግባላ!

እኔ ማሳበቅ አልወድም። ነገር መፈለግ ግን እወዳለሁ። ከጠረጴዛው አንድ ወንበር አንስቼ እየጎተትኩ ሄጄ እሳቱ ፊት አስቀመጥኩለት።

"ተቀመጥ አባዬ።"

"ምን?"

"መብላት ካልሆነ፣ ተቀምጠህ ቅመስ።"

ወንበሩን እንደ ጥርስ ነቃይ ወንበር አየው። ፊቱ ቀላ፣ ከፍሙ ሙቀት ግን አይመስለኝም። አልተቀመጠም። ያን ጊዜ ቀልዴ ጣዕሙ ጠፋኝ። ዘመዶቹ ደግሞ ምኑም አልገባቸው፣ ሳህናቸው ሞልቶላቸው እንደ ልማዳቸው ጮሁ።

"ጭብጨባ ለጠባሹ!"

ቀወጡት። እናቴ ብቻ የምስሩን ጭልፋ እንደያዘች ቆማ ነበር። አባዬ አገጭ ላይ የሚያብረቀርቀውን ጮማ አየችው።

"ሚልቶን... ሁሌ ነው?"

አባዬ አገጩን በክንዱ ጠረገ።

"ሁሌ እሁድ፣ ሚልቶን?"

"ኧረ ቅምሻ ናት፣ ኔሊ..."

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ጣለችው። ከኔ ሳህን ቋሊማ አነሳችና እዚያው ቆማ ነከሰችው። እያለቀሰች ታኝካለች፣ እያኘከች ታለቅሳለች። ማንም አልሳቀም።

"ደግ፣ ብላ" አለችው አፏ ሞልቶ። "እኔም ልብላ። በመጋቢት ሐኪም ቤት ግን ብቻህን ሂድ። እኔ ሁለተኛ ሬሳ ሳጥን ለመምረጥ ከማንም ጋር አልዞርም፣ ለወንድምህ ዞሬ በቅቶኛል።"

አባዬ መቆስቆሻውን መሬት ወረወረው።

"እሞታለሁዋ! ምን ይጠበስ! እንደ ፍየል ቅጠል እያመነዠግሁ መቶ ዓመት ከምኖር እሳቴ ዳር ቆሜ ልሙት!"

አንዱ ያጎት ልጅ ለማጨብጨብ እጁን አነሳ፣ ዓይኔን ሲያይ መለሰው። ሁሉም ወደ አክስቴ ኢራሴማ ዞረ፣ የኤልቢዮ ሚስት ናታ። እሷ ሳህኗን በዳቦ እየጠረገች ነበር። ቀና እንኳን አላለችም።

"እሺ፣ ሙት" አለችው። "የመጥበሻ ፍርግርጉን ግን ለኔ አውርሰኝ። የኤልቢዮ ዝጓል።"