ነጩን ለዩልኝ

የብርጓል ከመርጡለ ማርያም፣ ከእህቷ ተዝካር ስትመለስ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ወደ በቆሎዋ ነው የሄደችው። ማሳው ዳር ጢስ ይጨሳል። የባሏ ወንድም ደምለው አመዱን በዱላ እየቆሰቆሰ ነበር።

«እታለም፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ደቦ ጠርቼ አስለቀምኩልሽ። ነጭ የያዘ ተምች አንድ አልቀረም፤ አቃጠልነው!»

«ምን አደረጋችሁ?»

«በስልክ ‹ነጭ የያዘውን ለዩልኝ› አላልሽኝም? ለየነዋ! እንቁላሉ ከጠፋ ሌላው ምን ያደርጋል ብለን ተውነው።»

«ወይኔ ጉዴ! ለዩልኝ አልኩ እንጂ ልቀሙልኝ አልኩ? ሌላውን ስትለቅሙ እሱን አትንኩብኝ ማለቴ ነው እኮ፣ አንተ የማትረባ!»

ደሟ ፈላ። ዘንድሮ ከዚህ በቆሎ ሌላ የዘራችው የለም፤ የዓመት ቀለቧ እሱው ነው። ያ ነጭ ነገር ደግሞ የተምች እንቁላል አይደለም፣ የተርብ ጎጆ ነው። ትንኝ የምታክል ጥቁር ተርብ ተምቹን ወግታ እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿ ከውስጥ ሲበሉት ከርመው ይወጡና እላዩ ላይ ነጫጭ ጎጆ ይሠራሉ። ከዚያ የሚወጡት ተርቦች ሌላውን ተምች ይፈጁታል። አምና ነጭ የያዘ ተምች ብርጭቆ ውስጥ ከድና በዓይኗ አይታለች። ለደምለውም አሳይታዋለች፤ እሱ ግን ያን ዕለት ስለ ቅኔ ሲለፈልፍ መች ሰማት!

«ቅኔ ቤት ያደግህ ሰውዬ! በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሰማሁ እያልክ ስታደነቁረን ትኖራለህ። እኔ አንድ ቀን ባለ ሁለት ፍቺ ቃል ብናገር አንዱን ብቻ ትሰማለህ? ሰሙን ትተህ ወርቁን አቃጠልክብኝ! ተርቤን ፈጀህ፤ እንግዲህ ተርቤ ልሙትልህ?»

ደምለው አንገቱን ደፋ። ግን «ተርቤ» የምትለዋ ቃል ሁለት ሆና ስትመጣበት፣ የልማድ ነገር ሆነበትና ፈገግ አለ።

«ትስቃለህ? እኔ እያረርኩ አንተ ትስቃለህ? ግባ! ተርቡን ገድለሃልና የተርቡን ሥራ አንተ ሥራ። አገዳውን አንድ በአንድ እየገለጥክ ልቀም!»

ገባ። እሷም በሌላው መስመር እየለቀመች ስድቡን አላቋረጠችም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከማሳው ጥግ ተጣራ።

«እታለም፣ ነይ! ነጭ የያዘ አገኘሁ!»

እየሮጠች ደረሰች። ደቦው ያላየው አንድ ተምች ቅጠል ሥር ደርቆ ተጣብቋል፤ እላዩ ላይ ነጫጩ ጎጆ አለ። ደምለው እጁን ዘረጋ።

«ልለየው?»

«እጅህን ሰብስብ! ያቺን ቃል ሁለተኛ ካፍህ እንዳልሰማ! ተወው ነው የሚባለው፤ ተወው!»

እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ። ጎጆዋን አየ፤ ማሳውን አየ።

«ይህቺ ለዚህ ሁሉ ትበቃለች?» አላት ቀስ ብሎ።

የብርጓል እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አትበቃም» አለችው። «ልቀም!»