ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያለው ሽማግሌ

1.

ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀረ። ጤፉ ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። ሰው ለዘር ያኖረውን በላ። ሚያዝያ ላይ መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ ቀጥኖ ክር አከለ። ከብት እንዳይረግጠው በእሾህ ከደኑት።

2.

በዚያው ወር አጥኚዎች በመኪና መጡ። አያ ሙጬ ከማሳው ጫፍ ቆሞ ቆጠራቸው። ሦስት ናቸው። ከዋርካው ጥላ አልወጡም።

«አባባ፣ እዚህ አካባቢ ምንጭ አለ?»

ደብተር የያዘ ሰው ያየውን ይጽፋል፤ የጻፈውን ይወስዳል።

«የለም» አለ ሙጬ።

3.

አንባቢ ሆይ፣ አትፍረድበት። አባቱ የንብ ቀፎውን ለቆጣሪ አሳይቶ ግብር ተጣለበት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ለቆጣሪ «አለ» ተብሎ አያውቅም።

4.

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ፣ ገጽ 11

የሚተከለው፦ ድንጋይ መፍጫ
ቦታው፦ የወይዘሮ ስመኝ ማሳ
በ300 ሜትር ውስጥ ምንጭ ካለ መትከል ክልክል ነው። ምንጭ አለ?
የለም።
ማስረጃ፦ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ

5.

ሽማግሌ።

6.

የቀበሌው ጸሐፊ ለስመኝ አነበበላት። ወደ ሙጬ አጥር መጣች።

«ሙጬ፣ ይህ ሽማግሌ ማን ይሆን?»

«ማን ያውቃል። አገሩ ሽማግሌ ሞልቶታል።»

«ሽማግሌስ ሞልቷል። እኔ ምንጭ አለ ብል ለማሳዋ ብላ ነው ይሉኛል።»

ታውቃለች? ጀርባዋ እስኪሰወር ድረስ አያት።

7.

ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ በመሬት ድልድሉ ጊዜ፣ የቀበሌው ሹሞች የሙጬን መሬት ለሌላ ሊሰጡ ስብሰባ ጠሩ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ስመኝ ብቻ ተነሣች።

«ሲያርሰው አይቻለሁ» አለች።

በዚህ ተቀይመው ሁለት ዓመት ዘር ከለከሏት። ሙጬ አላመሰገናትም። በመጀመሪያ አፈረ፤ ኋላ ደግሞ ቀኑ ራቀ።

8.

እዚህ ላይ ሙጬ ያሰበውን መጻፍ ነበረብኝ። አልነገረኝም።

9.

የሕዝብ ምክክር ቃለ ጉባኤ

ሊቀመንበር፦ ተቃውሞ ከሌለ እንፈርም።
ሙጬ፦ እኔ አለኝ።
ከኋላ አንድ ሰው፦ ሙጬ አፍ አለው እንዴ? (ሳቅ)
ሙጬ፦ ምንጭ አለ። ከስመኝ ማሳ ግርጌ፣ እሾህ የተከደነው።
አጥኚ፦ ሽማግሌ ጠይቀን የለም ተብለናል።
ሙጬ፦ ሽማግሌው እኔ ነኝ። ዋሽቻችኋለሁ።
(ሳቅ የለም)
ሊቀመንበር፦ አያ ሙጬ፣ በሐሰት መረጃ እንደሚጠየቁ ያውቃሉ?
ሙጬ፦ አውቃለሁ። ጻፈው። ስሜንም ጻፍ።

10.

ውሳኔ፦

(ወረዳው ገና አልሞላውም።)

11.

ከስብሰባው ሲወጡ ስመኝ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«የድልድሉ ዕለት…» ብሎ ጀመረ።

«ተወው። ዛሬ ከፈልክ።»

ሊያልፋት አንድ እግሩን አነሣ። መለሰው። ሃያ ሰባት ዓመት የዘገየችውን አንዲት የምስጋና ቃል ለእሷ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ፦

«                    »