እርጥብ ንብረት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ዶክተር ጨው ይሉታል፤ የባሕር ውሃን ጨው ካላወጣሁ ብሎ ዕድሜውን ስለፈጀ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው። አራት ዓመት የለፋባቸው ማጣሪያዎች ነበሩት። ማጣሪያ ስላችሁ ወንፊት እንዳይመስላችሁ! እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ሽፋኖች ናቸው፤ ጨዋማ ውሃ በኃይል ሲገፋባቸው ውሃውን ያሳልፉና ጨውን ያስቀራሉ። አንድ ክፉ አመል ግን አላቸው። አንዴ ከረጠቡ በኋላ ከደረቁ አለቀላቸው፤ መልሰህ ብትነክራቸው ወይ ፍንክች።

ታዲያ መንግሥት የምርምሩን በጀት ድንገት አቋረጠና ቤተ ሙከራው ታሸገ። ያሸጉት የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «እትዬ ማኅተም» ይላቸዋል። ዶክተሩ ሽፋኖቹን ከነውሃ ሳህናቸው ታቅፎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተገተሩበት።

«የመንግሥት ንብረት ነው። መርፌ እንኳ ከዚህ አትወጣም።»

«እትዬ፣ ይደርቃሉ እኮ! ከደረቁ ሞቱ ማለት ነው!»

«ተረክቤያለሁ አልኩህ። አንተ ሂድ።»

ለመነ፣ ማመልከቻ ጻፈ፣ አለቃ ዘንድ ሄዶ አቤት አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ! እትዬ ማኅተምም ኮሪደር ላይ ሲያዩት ዞረው ይመለሳሉ። ወራት አለፉ። ሚስቱ «ተወው በቃ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ» ስትለው «እሺ» ይላል፤ ምሳ ላይ ግን ማንኪያውን እንደያዘ ፈዞ ይቀራል። ሰው ልፋቱን ውሃ ሲበላበት ያዝናል፤ የእሱን ልፋት እየበላ ያለው ደግሞ የውሃ እጦት ነበር።

ከዚያ፣ ጉድ በሉ፣ በጀቱ ተመለሰ! ድርቅ ሲጠና የባሕር ውሃ ማጣራት ለሚኒስቴሩ ትዝ አለው መሰለኝ፣ የሦስት ዓመት ገንዘብ ተፈቀደ። ግን ሰኞ ገምጋሚዎች መጥተው ማጣሪያው ሲሠራ በዐይናቸው ማየት አለባቸው። «ማጣሪያዎቹ ደህና ናቸው አይደል?» ብለው በስልክ ሲጠይቁት፣ ዶክተር ጨው ዐይኑን በጨው አጥቦ «በጣም ደህና» አለ። ምን ይበል? «ደርቀዋል» ቢል ገንዘቡ ለሌላ ይሄዳል፤ አዲስ ልሥራ ቢል ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ዓርብ ጠዋት ከእትዬ ማኅተም ጋር ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመ። ማኅተሙ ተሰበረ፣ ቁልፉ ዞረ። ወንበሩ አቧራ፣ ጠረጴዛው አቧራ። ሳህኑ ወዳለበት ጥግ ማየት አቃተውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ምን ትገተራለህ? እየው እንጂ!» አሉት።

አየ። ሳህኑ እስከ አፉ ድረስ ውሃ ነው፤ ሽፋኖቹ ከሥር ተኝተዋል።

«ማነው… ውሃ የጨመረበት?»

«ማን ይሆናል? ማኅተሙ የኔ አይደል? በየቅዳሜው እከፍታለሁ፣ ውሃውን ቀይሬ መልሼ አትማለሁ። እርጥብ ተረከብኩ፣ እርጥብ አስረክባለሁ። ወንበር ተረክቤ ጉማጅ እንጨት አስረክቤ አውቃለሁ?»

ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። «እትዬ፣ የቧንቧ ውሃ ነው? ክሎሪኑ ይበላቸዋል!»

«የምን ቧንቧ? የዚህ ሕንፃ ውሃ ከበጀቱ ጋር አይደል እንዴ የተቆረጠው! ከቤቴ በጀሪካን እያመጣሁ ነው። የልጅ ልጄን ሆዱን ስለሚያመው ቤታችን ያልፈላ ውሃ አይጠጣም፤ ከሱ ድርሻ ነው ያካፈልኳቸው።»

ውሃ ሲፈላ ክሎሪኑ በንኖ ይጠፋል። እንግዲያው ተስፋ አለ! ዶክተሩ እየሮጠ አንዱን ሽፋን ከፓምፑ ጋር ገጠመ፣ ከሳህኑ በቀዳው ውሃ ጨው በጥብጦ ከተተ። ፓምፑ አጉረመረመ። የሚወጣውን ውሃ ጨው የሚለካው መርፌ ከፍተኛው ቁጥር ላይ ተለጥፎ ቀረ። ሴትዮዋ ይሄዳሉ ሲል ቁልፋቸውን ጨብጠው አጠገቡ ቆሙ።

«በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁ፤ ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም።

«ትንሽ ይጠብቁ።»

«እኔ እኮ ይኑሩ ይሙቱ በምን አውቃለሁ? ዝም ብዬ ውሃ እቀይራለሁ። ሞቱ ማለት ነው ብለህ ጮኸህብኝ ሄድክ። ጡረታዬ ደርሷል፤ በእጄ ከሞቱ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ ሳይህ የምመለሰው ለምን ይመስልሃል?»

ንቀውት ይመስለው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እሳቸውም እንደሱ ሲሰጉ ኖረዋል!

መርፌው ነቅነቅ አለ። ወረደ። ቆመ ሲባል እንደገና ወረደ፤ በደጉ ጊዜ ይቆምበት የነበረው ቦታ ደርሶ ረጋ። በስልክ የተናገራት ውሸት እውነት ሆና ተገኘች።

«አሉ!» ብሎ ጮኸ። «እትዬ፣ አሉ! በሕይወት አሉ!» አቅፎ ከመሬት አነሳቸው።

«ኧረ አውርደኝ፣ አንተ ልጅ!» እያሉ ሳቁ። ሲያወርዳቸው ግን አቧራ የለበሰው ወንበር ላይ ዘፍ ብለው እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«እፎይ! ተመስገን…» አሉና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጡለት። «በል ተረከበኝ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ጀሪካን ተሸክሜ አልመጣም። እስኪበቃኝ ልተኛ።»