ገጽ አሥራ አራት

መጽሔቱን አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ እንደገለጠች ከአባቷ ቤት ሥር ካለው ጋዜጣ መሸጫ ፊት ደርቃ ቀረች። ገጹን ያቀናበረችው ራሷ ናት። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ግን እንዲህ ጉድ የሠራት ገጽ አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል፣ አንድ የሶፋ ነጋዴ ማስታወቂያዬን አንሱልኝ አለ። ከታች በቀኝ በኩል መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ቀረ። ስለ ደም ግፊት የተጻፈው ምክር ተስተካክሎ እስኪደርሳት፣ ቦታው ስንት መስመር እንደሚይዝ ለመለካት ብቻ የመጣላትን ጻፈች። የመጡላት ደግሞ አባቷ ነበሩ፤

«ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው አራት ዓመት የሆናቸው፣ ሬዲዮ ከፍ አድርገው የሚሰሙ፣ ካልሲያቸውን ፈልገው የማያገኙ ጡረተኛ የትዳር አጋር ይሻሉ። ቁጡ ቢመስሉም ሆዳቸው ውስጥ ምንም የለም።»

ለመለኪያም ቢሆን ስልክ ቁጥር ያስፈልጋልና የቤታቸውን ቁጥር ጨመረች። ከዚያ ዋና አዘጋጁ ጠራትና ተነሣች። ስትመለስ ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል። እሷም የደም ግፊቱ ገብቷል ብላ ተማምና ወደ ቤቷ ሄደች።

«እትዬ» አለቻቸው መጽሔት ሻጯን፣ «የቀረውን በሙሉ ይደብቁልኝ።»

«ምኑን ልደብቀው ልጄ? አልቆ! ያ በእጅሽ ያለው የመጨረሻው ነው። ሴቱ ሁሉ ሲሻማበት ነው ያረፈደው።»

«አባቴስ?»

«እሳቸውማ ገና ዘርግቼ ሳልጨርስ ነው የወሰዱት።»

አባቷ መጽሔት ሲያነቡ ከሽፋኑ ጀምረው እስከ ማተሚያ ቤቱ አድራሻ ድረስ ነው፤ የሚዘሉት መስመር የለም። ወደ ቤታቸው ደረጃውን እየወጣች የይቅርታ ቃል ስትመርጥ፣ ስትጥል፣ ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ። አባቷ ለቀብርና ለሠርግ ብቻ የሚያወጧትን ክራባት አሥረዋል።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ፣ ቅር ያላቸው ይመስላሉ።

«አባዬ፣ ስህተት ነው፤ እኔ...»

«ስህተትማ ነው። ስልሳ ሰባት ነኝ። ስልሳ ስምንት የሚሞላኝ ገና በሚቀጥለው ወር ነው!»

ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ከጠዋት ጀምሮ አራት ሴቶች ደውለዋል።

«አንዷ፣ ሬዲዮውን ይቀንሳሉ ወይ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እንነጋገርበታለን።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የእናቷ ፎቶ ዞር አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ለእናትሽም ነግሬያታለሁ። ዝም አለች። ታውቂያት የለ? ያልወደደችው ነገር ሲሆን ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።»

ልጅቷ አራት ዓመት ሙሉ ብቸኝነታቸውን የምታውቅ ይመስላት ነበር።

«አራተኛዋ ደግሞ» አሉ ክራባታቸውን እየነካኩ፣ «ቤቴ ቅርብ ነው፣ ብቅ ልበል አለች።»

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። አባትየው ሄደው እጀታውን ያዙ፤ ግን አልከፈቱትም። እንደ ተማሪ ልጅ ፈርተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን ብዬ ልጀምር?» አሏት በሹክሹክታ።

በሩ እንደገና ተንኳኳ።