አንድ ጥርስ፣ ሁለት ጉዳይ

«ሰባት ቁጥር የሎሳና ነው! ይሄ ምን ጥያቄ አለው?»

«ቀስ በል እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው ያለኸው።»

«ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት።»

«ቀስ ብለህ ከሆነማ እዚያ ታንኳ ላይ ያሉት ሰዎች ምን ሆነው ዞረው አዩህ?»

ራይጄሊ ከማድ ቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ ጎደሬ እየላጠች ሁሉንም ትሰማለች። አባቷ ኢሊኬና ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እስከ አራተኛው ቀን ድረስ በመንደሩ ጮክ ብሎ መናገር፣ መሳቅም ሆነ ሬዲዮ መክፈት ነውር ነው። ስለዚህ ዳሱ ውስጥ ሰሌን ላይ የተቀመጡት ወንዶች የሚጨቃጨቁት በሹክሹክታ ነበር። መሀላቸው ትልቁ የእንጨት ገበታ ተቀምጧል፤ ውስጡ ያንጎና አለ። ሥሩ ተወቅጦ በውሃ የሚታሸው ይህ መጠጥ ምላስ ያደነዝዛል ይባላል። ራግቢ ሲነሳ የእነዚህን ሰዎች ምላስ የሚያደነዝዝ ነገር ግን ገና አልተፈጠረም።

ነገ ከዋና ከተማዋ ከሱቫ ለራግቢ ዓለም ዋንጫ የሚሄዱት የፊጂ ሴቶች ስም ይነገራል። ሠላሳ ሁለት ስም ነው፤ ሠላሳ አንዱ ላይ መንደሩ በሙሉ ተስማምቷል። የቀረው የሰባት ቁጥሯ ስም ወይ የራይጄሊ ነው ወይ የሎሳና። ሙግቱን ይቆርጥ የነበረው ሰው ደግሞ ትናንት አፈር ለብሷል፤ ኢሊኬና ከሦስቱ የብሔራዊ ቡድኑ መራጮች አንዱ ነበር። የቀሩት ሁለቱ አንዱ ራይጄሊን፣ ሌላው ሎሳናን ይዘው ተፋጠዋል።

«እጅሽን በላሽ እኮ፤ ተዪው አሁን» አለቻት አክስቷ ኡናይሲ። ጥሬ ጎደሬ እጅ ያሳክካል፤ የራይጄሊ እጅ እስከ አንጓዋ ቀልቷል።

«ይብላኝ።»

«እሺ እንግዲህ ይብላሽ» አለችና አክስቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሴቶቹ ምን እንደሚሉ ሰምተሻል? አራት ዓመት ያኮረፈች ልጅ ምን ብላ ታለቅሳለች ይላሉ።»

«እውነታቸውን ነው።»

እውነታቸውንም ነበር። ራይጄሊ ከመጣች ጀምሮ ጠብ ያለ እንባ የለም። ሬሳው ሲገባም፣ ሲወጣም፣ መቃብሩ ሰሌንና ባለ ቀለም ጨርቅ ሲለብስም ዓይኗ ደረቅ ነበር።

አራት ዓመት ወደ ኋላ፣ እዚሁ ቦታ፣ ሌላ ዳስ ነበር። የዚያን ጊዜውን ስም ዝርዝር አባቷ ለመንደሩ ሰው ቆሞ በቃሉ ተናገረ። ኢሊኬና የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አይጽፍም፣ አይረሳም። ግጥሚያ ሲያይ ከማንጎው ሥር ተቀምጦ በእጁ አፉን ይሸፍናል፤ ማን እንደደነቀው፣ ማን እንዳበሸቀው አይታወቅም። ሰዉ ድንጋዩ ይለው ነበር። ስሞቹን ጠርቶ ሲጨርስ የሴት ልጁ ስም የለም። አንዱ ሽማግሌ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለ። እዚያ አገር የተሰጠውን የተቀበለ ሰው እንዲህ ያጨበጭባል፣ ያላጨበጨበ አልተቀበለም። ራይጄሊ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው።

«ስሜን ረስተኸው ነው?» አለችው ማታ ቤት ሲገባ።

«አልረሳሁትም» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። በማግስቱ ልብሷን ሰብስባ ሱቫ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ «ደህና ነህ?»፣ «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። የሞተውም እንዲሁ እንደተባባሉ ነው።

«መጡ!» አለች ኡናይሲ።

በመንደሩ መግቢያ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ሰሌን ተሸክመው እየመጡ ነበር። ከፊት ከቀሩት ሁለት መራጮች አንዱ፣ አለቃቸው ኔማኒ አለ፤ ከኋላ ካሉት ሴቶች አንዷ ሎሳና ናት። ሎሳና የራይጄሊ እናት ወንድም ልጅ ነች። በዚያ ምድር የአክስትና የአጎት ልጆች እንዲዘላለፉ ልማዱ ራሱ ፈቅዶላቸዋል፤ ለቅሶም ይህን መብት አያነሳባቸውም።

ሎሳና ሰሌኗን አውርዳ በማድ ቤቱ በር ብቅ አለች። «ጎደሬውንም እንደ ኳስ ከእጅሽ ትጥይዋለሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«አንቺ ሰሌን ተሸክመሽ እንዲህ ካለከለክሽ ሰው ስትሸከሚ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ያንን ነገ ትሰሚያለሽ» አለች ሎሳና። ከዚያ ተጠጋችና ጉንጯን ሳመቻት። «አባትሽን እወደው ነበር። ሲያየኝ እፈራው ነበር፣ ግን እወደው ነበር።»

ራይጄሊ ቢላዋውን አንስታ መላጧን ቀጠለች።

ዳሱ ውስጥ ኔማኒ ተንበርክኮ የዓሣ ነባሪውን ጥርስ በሁለት እጁ ከፍ አደረገ። ጥርሱ የስንዝር ያህል ርዝመት አለው፤ ከማርጀቱ የተነሳ የሻይ ቀለም ይዟል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተጎነጎነ ገመድ ታስሯል። በፊጂ ከዚህ የሚከብድ ስጦታ የለም። ከጥርሱ ጋር የተነገረ ቃልም ጥርሱን የተቀበለውን ሰው ያስራል።

«የወንድማችንን የኢሊኬናን ፊት ልንስም መጥተናል» አለ ኔማኒ፤ እዚያ አገር ለቅሶ መድረስ የሚባለው እንዲህ ነው። «ሃያ ዓመት አብሬው ተቀምጫለሁ። ባዶ እጄን መምጣት አልቻልኩም። በዚህ ጥርስ ላይ የሴት ልጁን ስም አስቀምጫለሁ። ራይጄሊ ነገ ከሚጠሩት አንዷ ናት። የኢሊኬና ስም በአውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሎሳና ከሴቶቹ መሀል ዓይኗን ሰሌኑ ላይ ተክላ ቀረች፤ ቦታዋ በፊቷ ሲወሰድ ልታጨበጭብ ነው። የኢሊኬና ታላቅ ወንድም፣ የቤተሰቡ አለቃ ማናሳ፣ ጥርሱን ተቀብሎ ለማመስገን ጉሮሮውን ጠረገ።

ራይጄሊ ቢላዋውን ጣለች። ጎንበስ ብላ፣ ይቅርታ እየጠየቀች፣ በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት እንደሚታለፈው አልፋ ገባች። እስከዚህ ድረስ ልማዱን አክብራለች። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ግን በመንደሩ ሴት አድርጋው አታውቅም።

«ትልቁ አባባ፣ እንዳያጨበጭቡ።»

«ምን አልሽ?»

«ለአባቴ የመጣውን ለቅሶ ይቀበሉ። የእኔ ስም ግን የለቅሶ መድረሻ አይደለም፤ ሰሌንና ላምባ ነው የሚመጣው ለቅሶ ቤት።»

«ልጅቷ አበደች» አለ አንዱ።

«ሐዘን ነው፣ ተዋት» አለ ሌላው።

«ሐዘን አይደለም!» አለች ራይጄሊ፤ ድምጿ ከሹክሹክታ አልፎ ወጣ፤ ሁሉም ደነገጡ። መልሳ ዝቅ አደረገችው፤ ንግግሯ ግን ያው ነበር። «አጎቴ ኔማኒ፣ አባቴ ባይሞት ኖሮ ስሜን ትጽፉት ነበር?»

ኔማኒ ጥርሱን አየ፣ ማናሳን አየ። «እንግዲህ... ገና እየተነጋገርን ነበር።»

«እኮ ተነጋገሩ! በሬሳ ተደግፌ አልገባም። እዚያ ሄጄ አንዷን በጣልኩ ቁጥር ‹ምስኪን፣ አባቷ ሞቶባት ነው የተጻፈችው› ልባል? አልፈልግም። ከቻልኩ ስለቻልኩ ጻፉኝ። ካልቻልኩም ሰርዙኝ፤ መሰረዙን ለምጄዋለሁ።»

ማናሳ ግትር ሽማግሌ ነው፤ የተሰጠን ጥርስ መመለስ ደግሞ ሁለት መንደር የሚያጣላ ስድብ ነው። ቀስ ብሎ ጥርሱን ገለበጠው።

«ኔማኒ፣ ስንት ጥርስ ይዘህ መጣህ?»

«አንድ።»

«ስንት ጉዳይ ይዘህ መጣህ?»

አንድ ጥርስ የሚሸከመው አንድ ጉዳይ መሆኑን ፊጂ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ኔማኒ በለቅሶው ተደናግጦ፣ ያዘነ ልቡ ሁለቱን ነገር ባንድ ላይ ጭኖት ነበር። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ትከሻቸው ሲርገበገብ ታየ፤ በሹክሹክታ እየሳቁ ነው።

«ስለዚህ ለቅሶውን ተቀብለናል» አለ ማናሳ፤ ሦስት ጊዜም አጨበጨበ። «ሌላኛው ጉዳይ መሬት አልነካም። ልጄ፣ እንዴት ይሁን ትያለሽ?»

«ሁለታችንም እዚህ አለን። ይዩን።»

«ሜዳው ሐዘን ላይ ነው። መቶ ቀን ኳስ አይነካበትም ብዬ ዳር ባለው ግንድ ላይ የክልከላ ቅጠል ያሰርኩት እኔው ነኝ።»

«ባሕሩ ከዳርቻው ሊሸሽ ነው» አለች ሎሳና ከሴቶቹ መሀል። ሁሉም ዞረው አዩዋት። «አሸዋው ላይ ቅጠል አላሰሩም፣ አይደል?»

ወደ ባሕሩ ሲወርዱ በኢሊኬና ቤት ጀርባ አለፉ። የልብስ ማስጫው ሽቦ እንደነበረ ነው። ራይጄሊ አላየውም ብላ ነበር፣ አየችው። ያኔ፣ ከስም ጥሪው ሳምንት በፊት፣ እዚህ ቆማ የአባቷን ሽርጥ ታሰጣ ነበር። ግራ ትከሻዋ በአንድ ግጥሚያ ከቦታው ወጥቶ ተመልሷል። ለኡናይሲ ብቻ ነግራ፣ በኮኮናት ዘይት እያሸችላት ደብቃዋለች። የምታሰጣው በአንድ እጇ ነበር። ቀና ስትል አባቷ መኪናውን አቁሞ ያያታል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስሟን ሲያስቀረው ልክ መሆኑን ያኔውኑ ታውቅ ነበር። ያን ትከሻ ይዛ ሄዳ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ግጥሚያ አብቅቶላት ነበር። አራት ዓመት ያኮረፈችው ልክ የሆነን ሰው ነው፤ «ልክ ነበርክ» ለማለት ደግሞ በየዓመቱ ለገና እመጣለሁ ስትል ሳትመጣ ቀርታለች።

አሸዋው ረጥቦ ጠንክሯል። መንደሩ በሙሉ ከኮኮናቱ ሥር ተደረደረ። ፊሽካ የለም፣ ጩኸት የለም፤ ሐዘን ነውና። የሰባት ቁጥር ሥራ ኳስ የያዘችውን ጥሎ፣ ረዳት ሳይደርስላት ኳሱን መንጠቅ ነው። አንዷ ኳስ ይዛ ትሮጣለች፤ ሌላዋ ጥላት፣ ተነስታ፣ ኔማኒ ሦስት ጣቶቹን አጥፎ ሳይጨርስ ኳሱን ትነጥቃለች። አምስት አምስት ጊዜ፣ በየተራ።

ጥቁር የሐዘን ቀሚሳቸውን ሽቅብ ቋጥረው ጀመሩ። የሚሰማው የእግርና የትንፋሽ ድምጽ፣ አካል ከአካል ሲጋጭም ጓ የሚለው ብቻ ነበር። ሎሳና ፈጣን ናት፤ ስትወድቅ እንኳ እግሯ መሬት የነካ አይመስልም። ራይጄሊ ከባድ ናት፤ የያዘችውን አትለቅም። ተመልካቾቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዓይናቸው ብቻ ይጮሃል። ኡናይሲ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነበር። ሎሳና ከአምስቱ አራቱን ነጠቀች። ራይጄሊ ከአራት ሦስት ይዛ አንድ ቀራት። ይህን ከነጠቀች እኩል ናቸው፤ እኩል ከሆኑ ኔማኒ ማንን እንደሚጽፍ የታወቀ ነው።

ሎሳና መጣች። ራይጄሊ በዚያው በግራ ትከሻዋ ገብታ ወገቧን ይዛ ጣለቻት፤ ትከሻው ቻለ። ተፈናጥራ ተነሳች፣ ኳሱን ያዘች። ሎሳና አለቅም አለች። አንድ ጣት ታጠፈ። ሁለተኛው ታጠፈ። ራይጄሊ ሳበች፣ ኳሱ አልመጣም፤ ቀና ስትል የኔማኒ ሦስተኛ ጣት ቆማለች። አሁንም ቆማለች። ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። እንደገና ሳበች፣ ኳሱ መጣ። ያኔ ጣቲቱ ታጠፈች።

ሰው ሁሉ በዝምታ እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

ራይጄሊ ኳሱን ይዛ ወደ ኔማኒ ሄደች። «ጣትህ ዘገየች።»

«አልዘገየችም።»

«አባቴ ቢሆን አጥፏት ነበር» አለችና ኳሱን ለሎሳና ወረወረችላት። «አራት ለሦስት። ሎሳናን ጻፍ።»

ኔማኒ ማናሳን አየ። ሽማግሌው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሎሳና ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ፊቷ አሸዋና እንባ ሆኗል። «አንቺ ጅል! ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

«ዝምታውን አባቴ ጨርሶታል፤ ለእኔ አልተረፈም።»

«እኔ እኮ...»

«አታልቅሺ፤ ስታለቅሺ አስቀያሚ ትሆኛለሽ። ቦታዬን በአደራ ነው የሰጠሁሽ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በሚቀጥለው ዋንጫ መጥቼ እነጥቅሻለሁ። ያኔ ማንም ጥርስ ይዞ እንዳይመጣ ንገሪልኝ።»

«ትሞክሪያለሻ!» አለች ሎሳና፤ እያለቀሰች ሳቀች፤ በፍጥነትም አፏን ያዘች።

ሰዉ ወደ ዳሱ ሲመለስ ራይጄሊ ብቻዋን ወደ መቃብሩ ወጣች። መቃብሩ ከሜዳው ጎን ነው፤ ግንዱ ላይ የታሰረው ቅጠል ገና አልደረቀም። ሰሌኑ ጠርዝ ላይ እግሯን አጣምራ ተቀመጠች። ከቀሚሷ እርጥብ አሸዋ ይረግፍ ነበር። እጆቿን ባልረጠበው የቀሚሷ ጥግ በደንብ አበሰች፤ በጎደሬው የቀላው ቦታ ያቃጥላት ነበር።

«ልክ ነበርክ» አለች ጮክ ብላ። ዳሱ ውስጥ ያሉት ሰሙ፤ ማናሳ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው።

መዳፏን ጎድጎድ አደረገችና አንድ ጊዜ አጨበጨበች። ደገመች። ሦስተኛው ላይ እጆቿ ተጣብቀው ቀሩ፤ እንባዋ አንጓዋ ላይ እየወረደ ብዙ ቆየች። ከዚያ እጆቿን ለቀቀችና አጨበጨበች።