ከኋላ የታሰረው ቋጠሮ

ኒደርታን የምትባለው የባቫሪያ ከተማ ዓመቱን ሙሉ ተኝታ ትከርምና ነሐሴ ላይ ትነቃለች። ነሐሴ ላይ የቢራው ድንኳን ወንዙ ዳር ይተከላል፤ ማርሽ ባንዱ መድረክ ላይ ይወጣል፤ በአጥር ሲካሰሱ የከረሙ ጎረቤታሞች ሳይቀሩ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ጃምቦ ያጋጫሉ። ብቻውን የመጣ ሰውም ብቻውን አይቀመጥም። ክፍተት ያየበት ጠረጴዛ ሄዶ "ሰው አለው?" ይላል፤ ይጠጉለታል፤ አለቀ።

ቪብከ ይህን አታውቅም ነበር። የመጣችው ከሰሜን፣ ከባሕሩ ዳር ከኩክስሃፈን ነው፤ የዚያ አገር ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጥን እንደ ጉንፋን ነው የሚሸሸው። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ጉልበቷን የጨረሰችው በጭስ የበሰለ ዓሣ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ባሏ ሄኒንግ "ጡረታ ስንወጣ ባቫሪያ ሄደን ቢራ እንጠጣለን" እያለ ሲደልላት ኖረ። ጡረታው ሲደርስ ጓዙን ጠቅልሎ ከጎረቤት ሴት ጋር ሄደ። ሩቅ ቢሄድ እንኳ ደግ ነበር፤ የሄደው ከእሷ ቤት ሦስተኛው ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ቲማቲሙን ውሃ ሲያጠጣ በመስኮቷ ይታያታል።

ያንገበገባት ግን መሄዱ ብቻ አይደለም። ባል ለሞተባት ሴት ጎረቤት ሾርባ ይዞ ይመጣል፤ እጇን ይዞ አብሯት ይቀመጣል፤ ስታለቅስ ያባብላታል። ባል ጥሏት የሄደባትን ሴት ግን ሰው መንገድ ተሻግሮ ያልፋታል። ሰዉ የሚላት ቢያጣ ዝም አላት፤ እሷም የምትለው ብታጣ ዝም አለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ከረመችና አንድ ቀን "እሱ ቢቀር እኔ ልቅር?" ብላ ባቡር ተሳፈረች።

እንግዳ ላለመምሰልም የአገሩን ቀሚስ ገዛች። ደረቱ ጠበቅ፣ ከወገቡ በታች ሰፋ ያለና ከላዩ ሽርጥ የሚታሰርበት፣ ድርንድል የሚሉት ቀሚስ ነው። ማረፊያዋ ክፍል ውስጥ ለብሳው መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና በገዛ ራሷ አፍራ ልታወልቀው ምንም አልቀራትም። ከዚያ ሽርጡን ዓሣ ሱቅ እንደለመደችው ወደ ኋላ አዙራ ወገቧ ላይ ቋጠረችው። ሽርጥ ሌላ የት ይታሰራል?

በዚህ አገር ግን የሽርጥ ቋጠሮ አፍ አለው። በግራ ያሰረች ባል የላትም፤ ዕድልህን ሞክር ነው። በቀኝ ያሰረች ባለቤት አላት፤ እጅህን ሰብስብ ነው። ከኋላዋ ያሰረች ወይ አስተናጋጅ ናት፣ ወይ ባሏ ሞቶባታል። ቪብከ ደግሞ ጃምቦ ተሸክማ የምትዞር አልነበረችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ በር ላይ ደርሳ ጩኸቱን ስትሰማ ቆም አለች። ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ነው። የቦርሳዋን ማንገቻ ጨብጣ ግራና ቀኝ ስታይ፣ ከኋላዋ አንዲት ባልቴት ቀሚሷን ሳብ አደረጓት። "ነይ ልጄ፣ እኛ ዘንድ ቦታ አለ" አሉና አግዳሚውን መታ መታ አደረጉላት። ወይዘሮ ዋልቡርጋ ይባላሉ፤ ሰባውን ያለፉ፣ ነጭ ጠጉራቸውን ጎንጉነው አናታቸው ላይ የጠቀለሉ ሴት ናቸው። የሽርጣቸው ቋጠሮ ከኋላ ነው። ቪብከ ይህን አየች፤ ምንም አልመሰላትም።

ከወይዘሮዋ ፊት ለፊት የሟች ባላቸው ወንድም ክሳቨር ተቀምጧል። ቦርጩ ጠረጴዛውን የሚገፋ፣ ባርኔጣው ላይ ላባ የሰካ፣ ዝም ካለ የሚታመም ሰው ነው። ቪብከ አፏን ስትከፍት አነጋገሯን ሰማና ሰሜነኛ ናት ብሎ አወጀ፤ ዓሣ እንፈልግላት ወይስ ሰው የሚበላውን ትበላለች እያለ አሳቃቸው። ጃምቦዋ መጥቶ ስታጋጭ ደግሞ ዓይኗ ብርጭቆው ላይ መሆኑን ተመለከተ።

"ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነው እንጂ" አላት። "እዚህ አገር ዓይን ሳያይ ያጋጨ ሰው አልጋው ሰባት ዓመት ይቀዘቅዛል።"

"አፍህን ሰብስብ" አሉት ወይዘሮ ዋልቡርጋ። "ሴትዮዋ ኀዘንተኛ ናት። ዓይን የለህም?"

ክሳቨር አንገቱን አስግጎ ከቪብከ ጀርባ ተመለከተ። ፊቱ ቀላ። ባርኔጣውን አወለቀና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አላየሁም፣ ነፍሱን ይማረው አላት።

ቪብከ መጀመሪያ ግራ ገባት። የተተወች መሆኗ ግንባሯ ላይ የተጻፈ መሰላትና ደነገጠች። ወይዘሮዋ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደኔው ከኋላሽ አስረሻል፣ መቼ ነው የተለየሽ ብለው ሲጠይቋት ነው ነገሩ የገባት። ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "አላወቅሁም፣ ተሳስቼ ነው ያሰርሁት" ብትል ክሳቨር ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ይቀር ነበር።

"ሁለት ዓመት ሆነው" አለች።

ውሸት አልነበረም። ተከትሎት የመጣው ዝምታ ግን ውሸት ነበር፤ ይህንንም አሳምራ ታውቀዋለች። ክሳቨር ድምፁን ዝቅ አድርጎ በድንገት ነው ወይ አላት፤ አዎ፣ በድንገት ነው አለች። ልቡ ነው? ሲላት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ወይዘሮዋ ላያስችል አይሰጥም እያሉ ጀርባዋን አሻሹላት። ከጎን የተቀመጡት ባልና ሚስት ዳቧቸውን ቆርሰው አካፈሏት፤ የተጠበሰውንም ዶሮ ከመቼው ከፊቷ አስጠጉላት።

ጣፈጣት። ዶሮው አይደለም፤ መታዘኑ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ እንባ ሆኖ ወረደ። እንባው የእውነት ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ ሁሉ ነገር የእውነቱ እሱ ብቻ ነበር። ሰዎቹም አይተው አመኑ። ባለጌዋ ልቧ ደግሞ ከእንባው ሥር ሆና፣ እስቲ ትንሽ ልቆይ፣ ማን ይጎዳል ትላታለች። በአገራችን ሳይጠራ ሠርግ የሚገባውን ድንኳን ሰባሪ እንላለን። ለቅሶ የሚሰብር ግን ስም እንኳ አልወጣለትም።

ያልጠበቀችው ከዚህ በኋላ መጣ። ወይዘሮ ዋልቡርጋ ከቦርሳቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈቱት ቆርቆሮ ክዳን ያለው ትልቅ የሸክላ ዋንጫ ሆነ፤ ክዳኑ ላይ "አሎይስ" የሚል ስም ተቀርጿል። አሎይስ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ድንኳን፣ በዚህ ጠረጴዛ፣ በዚህ ዋንጫ ነው የጠጣው። ከሞተ ወዲህ ወይዘሮዋ በየዓመቱ ይዘውት ይመጣሉ፤ ባዶውን ቦታው ላይ ያስቀምጡታል፤ ሲመሽ ጠቅልለው ይወስዱታል። ክሳቨር የእናቱ ልጅ ሆኖ እንኳ ልጠጣበት ብሎ ለምኖ ተከልክሏል።

ያን ቀን አስተናጋጇን ጠሩና አስሞሉት። ከዚያም ከቪብከ ፊት አደረጉት።

"ብቻዬን ሳየው መሮኛል" አሉ። "እንደኔ ባዶ ቤት የምታውቅ ሴት ትጠጣበት። ከዛሬ ወዲህ ደግሞ እርስዎ አትበይኝ፤ ዋልቡርጋ ነኝ።"

ቪብከ አልችልም አለች። እውነቷን ነበር፤ እነሱ ግን ኀዘን ነው ብለው አባበሏት። ክሳቨር ወደ መድረኩ ዞረ፤ ዓይኑ እንዳይታይበት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሷ ግን ከአፏ ሳይወጣ ነው አፋፍ የደረሰው። ክዳኑን ከፍታ ጠጣች። ቢራው ቀዝቃዛና ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ራሱ አሳፈራት።

ከዚያ በኋላ የሚሏትን አልሰማችም። ተነሥቼ ልሂድ ትላለች፣ በምን ሰበብ? ልንገራቸው ትላለች፣ ዋንጫው ከፊቷ አለ። ወይዘሮዋ ስለ አሎይስ ያጫውቷታል። ሲያንኮራፋ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር ይላሉ፤ አሁን ቤቱ ጸጥ ሲል እንቅልፍ እንቢ ይለኛል፣ አንቺስ እንዴት ነው የምትተኚ ይላሉ። ቪብከ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በዚህ መሀል አባ ሰቨሪን ጃምቧቸውን ይዘው በጠረጴዛው አጠገብ አለፉ። የከተማው ቄስ ናቸው። በነጋታው እሑድ እዚያው ድንኳን ውስጥ ቅዳሴ አለ፤ ቄሱ በየጠረጴዛው የጎደሉትን ሙታን በስም እየጠሩ ይጸልዩላቸዋል። አሎይስም በየዓመቱ ይጠራል። ወይዘሮ ዋልቡርጋ ቄሱን በእጃቸው ጠሯቸው። ይቺ እህታችን ከሩቅ ነው የመጣችው፣ የባሏ ስም ከአሎይስ ስም ቀጥሎ ይጠራልኝ አሏቸው።

አባ ሰቨሪን ጎንበስ አሉ። "ስሙ ማን ነው ልጄ?"

"ሄኒንግ" አለች፤ እንዴት እንደወጣት አታውቅም።

"ሄኒንግ" አሉ ቄሱ፣ እንዳይረሱት ለራሳቸው ደገሙት። ክሳቨር እንደገና ባርኔጣውን አወለቀ። ባልና ሚስቱ አማተቡ። ወይዘሮ ዋልቡርጋ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አነቃነቁ። ቪብከ ሰሜን ያደገች ናት፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነው። ሆኖም ያ ቲማቲም የሚያጠጣ ሰውዬ ነገ ጠዋት በሕይወቱ ፍትሐት ሊደረግለት መሆኑን ስታስብ አጥንቷ ቀዘቀዘ። ቄሱ ሊሄዱ ዞሩ። እጅጌያቸውን ያዘች።

"አልሞተም" አለች።

ማርሽ ባንዱ እየነፋ ነው፤ ቄሱም ጆሯቸው ዳከም ብሏል። ምን አልሽኝ አሉና ጆሯቸውን ሰጧት። ደገመችው። አሁንም አልሰሙም። ኃጢአትን አንድ ጊዜ መናገር ከባድ ነው፤ እሷ ሦስት ጊዜ ተናገረችው፤ ሦስተኛውን ጮኻ።

"አልሞተም። ባሌ አልሞተም።"

ከኋላቸው የነበረው ጠረጴዛ ሳይቀር ዞረ። ወይዘሮ ዋልቡርጋ ዓይናቸውን ገለጡና እጃቸውን ከእጇ ላይ ቀስ ብለው አነሡ።

"ታዲያ የት ነው ያለው?"

"ቤቱ ነው። ከጎረቤቴ ጋር ነው የሚኖረው። ሽርጡን ሳላውቅ ነው ያሰርሁት፤ ከዚያ በኋላ ግን እያወቅሁ ነው ዝም ያልሁት።" እጇን ወደ ኋላ ልካ ቋጠሮውን ነካች። "ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ስትጠይቁኝ ደስ አለኝ።"

"እኔ እኮ ሁለት ጊዜ ባርኔጣዬን አወለቅሁለት" አለ ክሳቨር። ሊቀልድ ነበር፤ መሀል ላይ ግን ቀልዱ ከዳው። አባ ሰቨሪን ለሕያውም ይጸለያል አሉና ትከሻዋን ነካ አድርገው ሄዱ።

ወይዘሮ ዋልቡርጋ አልጮኹም። ዋንጫውን አነሡና የቀረውን ቢራ ከጠረጴዛው ሥር ደፉት። አፉን በመሐረብ ጠረጉት፤ አንዴ ጠርገው አልበቃቸውም፤ ደግመው ጠረጉት። ክዳኑን ዘጉና በፎጣው ጠቀለሉት። ቪብከ እያንዳንዱን እያየች ተቀመጠች። ሲጠርጉት ከማየት ቢመቷት ትመርጥ ነበር።

"ይታይዎታል?" አሏት። አንቺ ማለቱ ቀርቷል። "በመስኮት ይታይዎታል ወይ?"

"በየቀኑ።"

"የኔ አሎይስ ከመንደሩ ሴት ሁሉ ጋር በሄደ" አሉ ወይዘሮዋ። "እየተነፈሰ ይሂድ እንጂ። በየጠዋቱ በመስኮት ብቅ ብዬ ስሰድበው እውል ነበር። የምሰድበው ሰው ይኖረኝ ነበር።"

ቪብከ ቦርሳዋን አነሣችና ልትቆም ስትል ወይዘሮዋ ክንዷን ያዟት።

"ዙሪ" አሉ፤ አንቺ ማለቱ ተመልሷል።

ዞረች። በሰው ሁሉ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ፣ እንደ ተቀጣች ተማሪ አቀርቅራ ቆመች። ወይዘሮ ዋልቡርጋ የሽርጧን ቋጠሮ ፈቱት፤ ማሰሪያውን ወደ ፊት አመጡት፤ በግራ ጎኗ በኩል እስትንፋሷ እስኪያጥር ጠበቅ አድርገው አሰሩት። የክሳቨር ዓይን፣ የባልና ሚስቱ ዓይን፣ የኋለኛው ጠረጴዛ ዓይን ቋጠሮው ላይ ነበር። ቪብከ በዕድሜዋ እንደዚያች ቅጽበት ራቁቷን የቆመችበት ጊዜ የለም፤ ሄኒንግ ጓዙን ሲያወጣ እንኳ እንዲህ አልነበረም።

"አሁን ልክ ነው" አሉ። "አሁን መሄድም መቀመጥም ትችያለሽ።"

ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ መልሳ ተቀመጠች። አስተናጋጇ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አዲስ ጃምቦ ከፊቷ አደረገችላት። ማርሽ ባንዱ ያን ጊዜ የመጠጫውን ዜማ ነፋ፤ ድንኳኑ በሙሉ ብርጭቆውን አነሣ። ወይዘሮ ዋልቡርጋም የራሳቸውን አነሡና ወደ ቪብከ ዘረጉት።

ቪብከ ጃምቦውን በሁለት እጇ አነሣች። ዓይን ማየት ግድ መሆኑን አልረሳችም። ልታይ ሞከረች፤ ዓይኗ ከወይዘሮዋ እጅ፣ ከእጃቸውም ላይ ካለው ቀለበት አልፎ መውጣት እንቢ አላት። ዙሪያዋ ያለው ሰው አጋጭቶ ጠጣ፤ ብርጭቆውንም አስቀመጠ። ወይዘሮ ዋልቡርጋ ብቻ ብርጭቋቸውን እንዳነሡ ጠበቋት።